እንባ በጠርሙስ

ከበቡሽን ዓይኗ የከዳት በሚያዝያ ነው። ሚያዝያ በሸዋ ሮቢት ሰማዩ ራሱ የሚያልበው ወር ነው። ከቀትር በኋላ ከቆላው የሚነሳው ነፋስ የገበያውን ሰው አቧራ ቀብቶ አንድ መልክ ያስይዘዋል፤ ፍየልም፣ ጭቃ ሹምም፣ ጨው ነጋዴም እኩል ግራጫ ይሆናሉ።

ለሌላ ሰው ዓይን ቢደርቅ ደረቀ ነው። ከበቡሽ ግን አልቃሽ ናት። ከቀወት መንደሮች እስከ ማጀቴ ድረስ ሰው ሲሞት አስቀድሞ የሚጠራው ቄስ፣ ቀጥሎ እሷ ናት፤ አንዳንድ ቤት እንዲያውም ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሀል ትቆምና ሟቹን በስሙ ጠርታ፣ ያረሰውን መሬት፣ የጫነውን በቅሎ፣ ያጎረሰውን እንግዳ በግጥም ትደረድራለች። ግጥሙ ሲጀመር እንባዋ ይወርዳል፤ እንባዋ ሲወርድ ለቀስተኛው በሙሉ ይከተላል። በሕይወቱ ጎረቤት አናግሮ የማያውቅ ሰው እንኳ በከበቡሽ አፍ ደግ ሆኖ ይቀበራል።

በመጀመሪያ የሮቢ ወንዝ አሸዋ ዓይኗ ውስጥ የገባ መሰላት። ብትታጠብ ብትታጠብ አልወጣ አለ። ጠዋት ሽፋሽፍቷ ተጣብቆ ይነጋል፤ ከሰዓት በኋላ ይቆጠቁጣታል፤ ሰው ሁሉ ከውኃ ማዶ የቆመ ይመስላታል። ዓይኗን ጨፈን ገለጥ ስታደርግ ይጠራል፣ ወዲያው ደግሞ ይደበዝዛል። ከሁሉ የገረማት የእንባዋ ጠባይ ነው። ገበያ መሀል ቁጭ ብላ መርፌ ስትመርጥ፣ ነፋስ ሽው ሲል፣ ያለ ምክንያት ዝርግፍ ይላል፤ ሰዎች ደንግጠው ማን ሞቶ ነው እያሉ ይከቧታል። ለቅሶ ቤት ስትገባ ግን ጠብ አይልም።

በአንድ ሽማግሌ ለቅሶ ላይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስትገጥም ዓይኗ የተቆላ ባቄላ መስሎ ቀረ። የሟቹ ሚስት ሁለት ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ሕዝቡም ማልቀሱን ትቶ ዓይን ዓይኗን ይመለከት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ከተማው ውስጥ የተወራው ከበቡሽ ከሟቹ ጋር ቂም ነበራት የሚል ነው። ስለ ቂሙ ምክንያት ሦስት ዓይነት ወሬ ነበር፤ ሦስቱም ጥሩ ወሬዎች ነበሩ።

ጎረቤቷ ዘምዘም ጨርቅ ነጋዴ ናት። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን መሀሉ ላይ ሠላሳ ዓመት በተመላለሱበት ተበስቷል። ዘምዘም ወሬውን ሰምታ በቀዳዳው መጣች፣ የጓደኛዋን ዓይን አይታ አንገቷን ነቀነቀች።

«እኛ ዘንድ ሙት ላይ መጮህ አይፈቀድም» አለቻት። «ይሄ ዓይንሽ እኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ በሽተኛ አይባልም፣ ጨዋ ነበር የሚባለው።»

«እንግዲያው አንቺ ውሰጂው።»

«ልውሰድሽና ሐኪሙ ይየው» አለች ዘምዘም፣ እጇን ይዛ አስነሳቻት።

ጤና ጣቢያው ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ አለ፤ ከሥሩ ሽፈራው የሚባል ወጣት ድሬሰር ይቀመጣል። ትምህርቱን ከጨረሰ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከወባ፣ ከተቅማጥና በከብት ቀንድ ከተወጋ ሰው በቀር ያየው የለም። የከበቡሽን ነገር ሲሰማ ደብተሩ ውስጥ ተጽፎ የቀረ በሽታ በእግሩ መጥቶ ወንበር ላይ የተቀመጠለት ያህል ደስ አለው። የዓይኗን ቆብ ገልብጦ ትራኮማ መኖሩን ፈለገ፣ አጣ። ወደ ውስጥ የታጠፈ ፀጉር ፈለገ፣ አጣ። ከዚያ ወደ ኋላው ተደግፎ እንደ ዳኛ ተነፈሰ።

«እትዬ፣ ዓይንዎ ደርቋል።»

«ገበያ ላይ እንደ ጎርፍ የሚወርደውስ?»

«እሱም ከድርቀቱ ነው። ዓይን ሲደርቅ ይቆጣል፣ ሲቆጣ ውኃ ይረጫል። የሚረጨው ውኃ ግን ቀጭን ነው፤ ሳያረጥብ ወርዶ ያልቃል።»

«እንደ ሮቢ ወንዝ ነው በላ» አለች ከበቡሽ። «ማሳውን ሳያጠጣ ቁልቁል ይሄዳል።»

ሽፈራው ይህን ደብተሩ ላይ ሊጽፈው ፈልጎ ነበር፣ ነገር ግን ክብሩን ጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳት። ሰው ሲያዝን ከሚያወርደው እንባ ሌላ ዓይን የዘወትር እንባ አለው፤ ይኸውም በጣም ስስ ሆኖ ብሌኑን የሚያለብስ ነው። ሰው ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ይታደሳል። በቆቡ ጠርዝ ላይ ዘይት የሚያፈልቁ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ ዘይቱ ከላይ ባይንሳፈፍ እንባው በነፋስ ተኖ ያልቃል። ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይ በሴት ላይ፣ እንባውም ያንሳል ዘይቱም ይረጋል። በከበቡሽም ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ ነፋሱ፣ ጭሱና ሳይጨፍኑ ማፍጠጡ ደግሞ አባሰው።

ከበቡሽ በጥሞና አዳመጠችው፤ አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላት አለ።

«ልጄ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ቅቤ ረግቶ ያውቃል? እዚህ ቅቤ ይጠጣል እንጂ ይቆረጣል?»

ሽፈራው ደብተሩን ገለጠ። ለዚህ ጥያቄ ትምህርት ቤቱ አላዘጋጀውም። ከበቡሽ ግን መልሱን በልቧ አግኝታ ነበር። ቅቤ የሚረጋው ደጋ ነው፣ ደብረ ሲና፣ ከዚያም በላይ ጣርማ በር። ብርዱ ዓይኗ ውስጥ የገባው ከዚያ ነው፤ መቼ እንደገባም ታውቀዋለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ እዚያው በእናቷ ቀብር።

ድሬሰሩ ጠዋትና ማታ ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክራ፣ ጨምቃ፣ በተጨፈነ ዓይኗ ላይ አሥር ደቂቃ እንድታኖር አዘዛት። ሙቀቱ የረጋውን ዘይት ያቀልጠዋል፤ ከዚያ የቆቧን ጠርዝ በቀስታ ትጥረግ። ዓይኗን ግጥም አድርጋ ቶሎ ቶሎ ትጨፍን፤ ለነፋስ ጀርባዋን ትስጥ፤ ከጭስ ትራቅ። ቅቤ፣ ሎሚ፣ ቅጠል የሚባል ነገር ዓይኗ ውስጥ እንዳታደርግ ሦስት ጊዜ ደጋገመላት። በመጨረሻም ከመሳቢያው አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። በውስጧ ያለው ምትክ እንባ ነው፤ ሲቆጠቁጣት ሁለት ሁለት ጠብታ፣ ጫፏ ዓይኗን ሳይነካ። ለሌላ ሰው እንዳታካፍል።

ከበቡሽ ቤቷ ሳትደርስ ወሬው ቀደማት። መንግሥት እንባ በጠርሙስ ያድላል ተባለ። ወዲያውም ትልቅ ጥያቄ ተነሣ፤ በጠርሙስ እንባ የተለቀሰ ለቅሶ ለቅሶ ነው ወይስ አይደለም? የዕድሩ ዳኛ ጋሼ ገብረሚካኤል ነገሩን አንድ ሳምንት አስበውበት ጠርሙሷ ትምጣ አሉ። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጧት። ወረቀቷ ላይ ክብ ማኅተም ነበረ። መንግሥት ያተመበትን እንባ እኔ ሐሰት ነው አልልም አሉና መለሱላት። ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ።

ከበቡሽ በየጠዋቱ መደቧ ላይ ተንጋላ የሞቀውን ጨርቅ ዓይኗ ላይ ታደርግ ጀመር። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ቀይ ይሆናል። ከዚያ ቀዩ እየሳሳ ነጭ ይሆናል፣ ነጩ ይንቀሳቀሳል፣ የጣርማ በር ጭጋግ ይሆናል። በጭጋጉ ውስጥ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ገብስ ትቆላለች። እህቷ ጌጤ ናት። ከበቡሽ በሕልሟ ልትጠራት አፏን ትከፍታለች፣ ጨርቁ ይቀዘቅዛል፣ ጭጋጉ ይጠፋል፣ የቆርቆሮው ሙቀት ይመለሳል። በየቀኑ እንደዚህ ነው። ጌጤ አንድም ቀን ዞራ አላየቻትም።

ጌጤ ታላቋ ናት፤ ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ ለመንገደኛ ቆሎ ትሸጣለች። እሷም አልቃሽ ናት፣ የደጋው አልቃሽ። በእናታቸው ቀብር ላይ ሁለቱም አብረው ቆሙ፤ ጌጤ ቀድማ አንድ ግጥም ወረወረችና አገሩን አስለቀሰችው። ከበቡሽ ያን ግጥም ሌሊቱን ሙሉ ስሠራ ያደርኩት እኔ ነኝ፣ ከአፌ ነጠቀችኝ አለች። ጌጤ ደግሞ በሕልሜ የመጣልኝ ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት አንዷ የአንዷን ደጃፍ አልረገጠችም። አስታራቂ ተላከ፤ አስታራቂዎቹ ግን ግጥሙን አሰሙን እያሉ እየተላቀሱ ተመለሱ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአውቶቡስ ሾፌሩ ሳልህ መኪናውን ከግራሩ ሥር አቁሞ በእግሩ ከበቡሽ ቤት መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ነበር። ዘምዘምም በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ እዚያው ነበረች።

«ጌጤ ልካ ነው» አለ። «ትንሽ አሞኛል፣ ነይ በሏት ብላለች።»

በኛ አገር ሰው ሞተ ተብሎ አይላክም። ትንሽ አሞታል ነው የሚባለው፤ ትንሽ ብርድ መታው፣ ትንሽ ራሱን አመመው። ሰሚውም ጉንፋን መሰለኝ እያለ ጥቁሩን ልብስ ከሣጥን ያወጣል። ዘምዘም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከበቡሽ ራስህ አየሃት ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ሾፌሩን በዓይኗ ጠየቀችው። ሳልህ መልእክቱን ያገኘው ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር እንደሆነ፣ እሱ ራሱ እንዳላያት፣ ነገር ግን ወላሂ ትንሽ ነው ያመማት እያለ ነገራት። በማለ ቁጥር ጌጤ ይበልጥ ሞተች።

ዕድሩ ወዲያው ተጠራ። ጋሼ ገብረሚካኤል ጥቁር ኮታቸውን ደርበው መጡና ከበቡሽን አይዞሽ፣ ጉንፋን ይሆናል አሏት። አጠገባቸው የቆመው ሰውዬ የዕድሩን ጥሩምባ በጋቢ ጠቅልሎ ይዞ ነበር፤ ጉንፋን ለመጠየቅ ጥሩምባ ተይዞ ሲኬድ ማንም አልገረመውም። ሰባት ሆነው አውቶቡስ ላይ ወጡ። ዘምዘምም የእርድና የዝንጅብል ቋጠሮ ይዛ ተሳፈረች፤ ድንገት እውነት የታመመች እንደሆነ ብላ ነው። ከሁሉም መሀል ይህን ያሰበች እሷ ብቻ ናት፣ እሷም አፍራ ቋጠሮውን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃዋለች።

ከበቡሽ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ጠርሙሷን በመዳፏ ጨብጣለች። አውቶቡሱ ከቆላው እየወጣ ሲዞር፣ ማሽላው ከታች እየራቀ ሲሄድ፣ እንባ ጠበቀች። አልመጣም። ደረቷ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ተቀምጦ ነበር፣ ወደ ዓይኗ የሚወጣበትን መንገድ ግን አላገኘም። ስለዚያ ሽማግሌ ያወሩት ሐሰት ነበር፤ ቂም አልነበራትም። ዛሬ በጌጤ ሬሳ ፊት ዓይኗ ደርቆ ብትቆም የሚወራው ያው ነው። ይህኛው ግን ሐሰት መሆኑን እንዴት ታውቃለች? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የረጋው የቆቧ ዘይት ብቻ ባይሆንስ?

ለዘምዘም በጆሮዋ ነገረቻት። «ለሰው ሁሉ አልቅሼ ለእህቴ ባጣስ?»

ዘምዘም ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተጠጋቻት። ደብረ ሲናን ካለፉ በኋላ፣ ብርዱ በመስኮቱ ሲገባ፣ «ሐኪሙ የነገረሽ ስለ ዓይንሽ ነው» አለቻት። «ስለ ሌላው ምንም አላለሽም።»

ጣርማ በር ሲደርሱ ዓለም አልነበረም። ጭጋጉ ገደሉን፣ መንገዱን፣ የዋሻውን አፍ ሁሉ ውጦት ነጭ ብቻ ቀርቷል። ሳልህ በግምት አቆመ። ከበቡሽ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ጠርሙሷን ጨመቀች፤ ሁለት ሁለት የተባለውን ስድስት ስድስት አደረገችው። እንባው በጉንጯ ወረደ፣ ቀዝቃዛና የማንም ያልሆነ እንባ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወረደች፣ ደረቷን እየመታች ወደ ነጩ ገባች።

እታለም እያለች ጮኸች፤ ጭጋጉ ድምፅዋን ወሰደው። ወዲያው ከጭጋጉ ውስጥ ሌላ ድምፅ ተቀበላት። የደጋ ድምፅ ነው፣ ወፍራም፣ መጨረሻው ላይ የሚንቀጠቀጥ። አንቺ ደጊቱ፣ አንተ ደጉ፣ ማንን ልጥራ ይላል። ለቀስተኛው በያለበት ደረቀ። ጋሼ ገብረሚካኤል አማተቡ። ዘምዘም ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ የምታውቀውን ሁሉ ቀራች። ጥሩምባ የያዘው ሰውዬ አውቶቡሱ ላይ ተመልሶ ወጣ።

ሴትዮዋ ከነጩ ውስጥ ቀስ እያለች ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ ጎኗ ላይ የቆሎ ቁና ይዛለች፣ ዓይኗ ቀልቶ በግማሽ ተከድኗል። ልቅሶ ስትሰማ ማን እንደሞተ መጠየቅ የሷ ሥራ አልነበረም፤ አልቃሽ አስቀድሞ ይቀበላል፣ ስሙን ኋላ ይሰማል። ከበቡሽ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«ማነው የሞተው?» አለች ጌጤ።

«አንቺ ነሽ» አለች ከበቡሽ።

ጌጤ ትንሽ አሰበች። «መቼ?»

«ትንሽ አሞኛል፣ ነይ ብለሽ ልከሽ የለ?»

«ትንሽ አሞኝ ነዋ። ዓይኔን ነው። እንግዲህ ትንሽ ያመመው ሰው ምን ብሎ ይላክ?»

በኛ አገር የታመመ ሰው የሚልክበት ቃል በሞቱ ሰዎች ተይዟል። ጋሼ ገብረሚካኤል ነገሩ በዕድሩ ደንብ ውስጥ አለመኖሩን አምነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሁለቱ እህትማማቾች ተቃቅፈው ቆሙ። ጌጤ በከበቡሽ ጆሮ ነገሯን ሁሉ ነገረቻት። የቆሎው ጭስና የጣርማ በር ነፋስ ዓይኗን አድርቆታል፤ ጠዋት ይጣበቃል፣ ከሰዓት ይቆጠቁጣል፣ ነፋስ ሲመጣ ያለ ምክንያት ይፈሳል። ሦስት ለቅሶ ላይ ቆማ አንዲት ጠብታ አጥታለች። ደጋውም እንደ ቆላው ያወራ ጀምሯል። እንባ ማጣት ምን እንደሆነ የሚገባው ሰው ስትፈልግ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ትዝ አላት። ለዚያ ነው የላከችው።

«ምን ብለሽ ልታለቅሺልኝ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«ተይው አሁን።»

«መሞቴ ካልቀረ ልስማው።»

ከበቡሽ በመንገዱ ላይ የሠራችውን ዝቅ ባለ ድምፅ አለችላት፤

«ጣርማ በር ምን አለ ጭጋግ የለበሰው፣
የኔን እንባ ነው ወይ ወስዶ ያፈሰሰው።»

ጌጤ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ከንፈሯ ላይ ደገመችው።

«ሁለተኛው ግሩም ነው» አለች። «የመጀመሪያው ግን የኔ ነው። ዓምና እዚህ ለሞተ ሾፌር ያልኩት ነው።»

ከበቡሽ አፏን ከፈተች። ዘጠኙ ዓመት በሙሉ ጉሮሮዋ ድረስ ወጣ። ከዚያ ድሬሰሩ እንዳስተማራት ዓይኗን ግጥም አድርጋ ጨፈነች፣ ገለጠች፣ እንደገና ጨፈነች። ዓለም ደብዝዞ ነበር፣ ጠራ። ፊት ለፊቷ የቆመችው ጌጤ ናት፤ ፊቷን ወደ እሷ አዙራ፣ በሕይወት፣ ሽፋሽፍቷ ላይ የጭጋግ ጠብታ ተሰልፎ።

«ያንቺ ይሁን» አለች። «የእማማም ያንቺ ይሁን።»

በአውቶቡሱ ዙሪያ የቆሙት ሰዎች የሚያወሩትን አልሰሙም። ያዩት ጭጋጉ በሁለቱ ሴቶች ሽፋሽፍት ላይ እየተጠራቀመ፣ በጉንጫቸው እየወረደ፣ በአገጫቸው ሲንጠባጠብ ነው። በማግስቱ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከበቡሽ በእህቷ ላይ ያፈሰሰችው እንባ ጠርሙስ ቀርቶ ጋን አይችለውም ተባለ። የሽማግሌው ቂም ወሬ ሞተ። እህቲቱ አለመሞቷን ወሬኛው እግረ መንገዱን በመጨረሻ ያነሣው ነበር።

እነ ጋሼ ገብረሚካኤል በዚያው አውቶቡስ ተመለሱ፤ ጥሩምባው ሳይነፋ መመለሱ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል። ዘምዘም ቀረች። ቋጠሮዋን ያለ ኀፍረት ፈታች፣ ዝንጅብሉን አፈላች፣ የምድጃውን ጭስ ለማስወጣት በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፣ ከዚያ ነፋሱ እንዳይገባ መለሰችው፣ ከዚያ የቱ እንደሚሻል ግራ ገብቷት ገርበብ አድርጋ ተወችው። ሁለት ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክራ ጨመቀች፤ ለያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰጠች። እህትማማቾቹ አንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተንጋለሉ፣ በልጅነታቸው እንደሚተኙት፣ ጌጤ በግድግዳው በኩል።

«ጠርሙሷ ውስጥ የቀረ አለ?» አለች ጌጤ ከጨርቁ ሥር።

«ሁለት ጠብታ ያህል። ለሌላ ሰው አታካፍዪ ብሎኛል ሐኪሙ።»

«ሌላ ሰው ከየት መጣ?»

ከበቡሽ ሳቀች። ጨርቁ ሞቃት ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ቀይ ሆነ፣ ከዚያ ነጭ፤ ነጩ ግን ይህን ጊዜ በሩ ላይም ቆሞ ነበር፣ በክፍተቱ በኩል ቀስ እያለ ይገባል።

«ስንት ደቂቃ አለ?»

«አሥር።»

«ማን ይቁጠር?»

«አንቺ ታላቅ አይደለሽ፣ አንቺ ቁጠሪ።»

ጌጤ መቁጠር ጀመረች። እየቆጠረች ድምፅዋ ወደ ዜማ አዘነበለ፣ ሦስትን ከአራት ጋር ቤት ልታስመታ ሞከረች፣ አምስት ላይ ቆመች። ከበቡሽ የሚቀጥለውን ታውቀዋለች። አልተናገረችም፤ ዝም ብላ ጠበቀቻት።